ሴቶችና እግር ኳስ፦ የ2016 ዓ.ም. ውድድሮች

 

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ እግር ኳስ ነው። ያውም ስለ ሴቶች እግር ኳስ። «ኧረ ይኼ ደግሞ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። ግድ የለም፣ ትንሽ ታገሡ። ነገሩ ሩቅ ይመስላል እንጂ እንስራ አዝላ ወይም ጀሪካን ይዛ ምንጭ ከምትወርደው ልጃችሁ ጋር ይገናኛል። እንዴት እንደሚገናኝ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

በመጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው። በእግር ኳስ ሁለት ቡድን ይገጥማል። በያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው፤ 45 ደቂቃ ተጫውተው ያርፋሉ፣ እንደገና 45 ደቂቃ ይጫወታሉ። ይህ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ሜዳውም አንድ፣ ኳሱም አንድ፣ ሕጉም አንድ ነው። ለሴት ተብሎ ያነሰ ነገር የለውም።

ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ ጎል ትባላለች። በጋዜጣ ላይ «2 ለ 1» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንዱ ቡድን 2 ጎል አገባ፣ ሌላው 1 አገባ ማለት ነው። ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ ያገኛል። እኩል ከወጡ ለያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ይሰጣቸዋል። የተሸነፈ ምንም የለውም። እስቲ እንሞክር። አንድ ቡድን 10 ጊዜ ተጫወተ እንበል። 6 ጊዜ አሸነፈ፣ 3 ጊዜ እኩል ወጣ፣ 1 ጊዜ ተሸነፈ። ስንት ነጥብ አለው? 6 ጊዜ 3፣ 18 ነው። በዚያ ላይ 3 ጨምሩ። 21 ነጥብ ሆነ። ይህን ያሰላ ሰው የጋዜጣውን የስፖርት ሠንጠረዥ ያለ አንባቢ ርዳታ ያነባል።

የአገራችን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ቅጽል ስሙ «ሉሲ» ነው። ሉሲ ማለት በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር ከሚባል ቦታ አፅሟ የተገኘችው ድንቅነሽ ናት። 3 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላት ሊቃውንት ይናገራሉ። ቡድኑ በድንቅነሽ ስም ይጠራል። ይህ ቡድን ከዚህ ቀደምም ወጉን አሳይቷል። በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ውድድር 4ኛ ሆኖ ጨርሷል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ኢኳቶሪያል ጊኒ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል።

እንግዲህ ወደ 2016 እንሂድ። ዓመቱ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌና በነሐሴ 2015፣ የሴቶች የዓለም ዋንጫ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ተካሄደ። 32 አገሮች ተሳተፉ። ከአፍሪካ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዛምቢያና ሞሮኮ ነበሩ። ስፔን እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚህ ሁሉ ግን እኛን የሚመለከተው ሌላ ጨዋታ ነው። ነሐሴ 1 ቀን ናይጄሪያ ከእንግሊዝ ጋር ገጥማ፣ መደበኛውም ተጨማሪውም ሰዓት 0 ለ 0 አለቀ። እንግሊዝ ያለፈችው በፍጹም ቅጣት ምት ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ማለት ተጫዋች ብቻዋን ቆማ፣ በረኛዋን ፊት ለፊት እያየች የምትመታው ነው። ይህችን ናይጄሪያን ልብ በሉልኝ። ትመለሳለች።

መስከረም 2016 ገባ። የእኛ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከቡሩንዲ ጋር ተገናኘ። ማጣሪያ ማለት፣ እህል በወንፊት እንደሚነፋ፣ ብዙ አገሮች ተጫውተው ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ዋናው ውድድር የሚያልፉበት ነው። ያለፈችው ቡሩንዲ ሆነች። ክፉ አጀማመር ነበር።

በጥቅምት ሌላ ማጣሪያ መጣ። ይኼኛው በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ ከተማ ለሚደረገው ኦሊምፒክ ነው። የእኛ ልጆች ቀደም ብለው ቻድን አልፈው ነበር። ቀጥሎ የደረሰባቸው ማን መሰላችሁ? ያቺው ናይጄሪያ! እንግሊዝ በ120 ደቂቃ ጎል ያላገባችባት ናይጄሪያ፣ ሦስት ወር ሳይሞላት አዲስ አበባ መጣች። ጥቅምት 14 ቀን 2016 በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ተገጠመ። ውጤቱ 1 ለ 1። እኩል ለእኩል።

እንዲህ ያለው ማጣሪያ ደርሶ መልስ ይባላል። አንዱን በቤትህ ትጫወታለህ፣ ሌላውን በባላጋራህ ቤት። ከዚያ የሁለቱ ጎል ይደመራል። ጥቅምት 20 ቀን የእኛ ቡድን ወደ አቡጃ ሄደ። እዚያ 4 ለ 0 ተሸነፈ። እንግዲህ ደምሩት። ናይጄሪያ 1 እና 4፣ 5 ሆነ። ኢትዮጵያ 1 እና 0፣ 1 ሆነ። 5 ለ 1። ናይጄሪያ አለፈች።

ይህን የሰማ ሰው «አዬ፣ ወትሮስ!» ብሎ ሬዲዮውን ይዘጋል። እኔ ግን ቁጥሩን ሙሉ አንብቡት እላለሁ። ናይጄሪያ ከእኛ በኋላ ከካሜሩን ጋር 0 ለ 0 እና 1 ለ 0፣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 1 ለ 0 እና 0 ለ 0 ተጫውታ ወደ ፓሪስ ሄደች። በጠቅላላው 6 ጨዋታ አደረገች ማለት ነው። 7 ጎል አገባች። በእሷ ላይ የገባው ስንት ነው? 1 ብቻ። ያቺን አንዷን ያገባባት ካሜሩን አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካም አይደለም። የእኛ ቡድን ነው፣ አዲስ አበባ ላይ።

ታዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ እኩል የወጣ ቡድን እንዴት 4 ይገባበታል? አንዱ ምክንያት አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አቡጃ ግን 500 ሜትር ገደማ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ደጋ ላይ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ደብረ ታቦር ላይ ዳገት ሲወጣ አይታችሁ የለም? ደብረ ታቦር ራሷ 2700 ሜትር ያህል ናት። ጉና ተራራማ ከ4100 ሜትር ያልፋል። በጉና ሥር ያደገች ልጅ ሳንባዋ ገና ከጅምሩ ለሩጫ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አየሩ ብቻ አይደለም። ዋናው የጨዋታ ብዛት ነው። ከናይጄሪያ ልጆች ብዙዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ቡድኖች ተቀጥረው በየሳምንቱ ይጫወታሉ። የእኛ ዋናው ብሔራዊ ቡድን ጥቅምት ሲያልቅ ከሁለቱም ማጣሪያ ወድቆ ነበር። ዓመቱ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። ማረሻ ካልታረሰበት ይዝጋል አይደል? ተጫዋችም እንዲሁ ናት።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን የያዘው የአገር ውስጥ ውድድር ነው። ይህ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ይባላል። በዚህ ስሙ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሊግ ማለት ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር እየተጫወተ ነጥብ የሚያጠራቅምበት ነው። ቅድም ያሰላነው ዓይነት ነጥብ ማለት ነው። ንግድ ባንክ፣ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ኤሌክትሪክ፣ አርባ ምንጭ ከተማና ሌሎችም በዚህ ሊግ ስማቸው ይነሣል። ደደቢት የሚባል ቡድንም ነበር፤ በተከታታይ ዋንጫ ከወሰደ በኋላ ፈረሰ። ከስማቸው እንደምታዩት አብዛኞቹን የሚያቆማቸው መሥሪያ ቤት ወይም የከተማ አስተዳደር ነው። በጀቱ ሲቆም ቡድኑም ይቆማል። ደካማው ጎን ይኼ ነው፣ መሸፈን አያስፈልግም። የ2016ን ዋንጫ የወሰደው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን ነው።

ይህ የንግድ ባንክ ቡድን ታሪኩ ደስ ይላል። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ያሉ አገሮች ሻምፒዮኖቻቸውን ልከው ያጋጥማሉ። ውድድሩ ሴካፋ ይባላል። አሸናፊው ወደ አፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ንግድ ባንክ ናይሮቢ ላይ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2015 መጨረሻ ዑጋንዳ ላይ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። ከታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ጋር ጎል ሳይገባ አለቀና በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ሁለት ጊዜ ደጃፉ ላይ ደርሶ መመለስ ነው።

በ2016 ውድድሩ አዲስ አበባ መጣ። ነሐሴ 11 ቀን ተጀመረ። የቡሄ ዋዜማ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እናንተ ዘንድ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ፣ እዚያ ሴቶቹ ኳስ ያንከባልሉ ነበር። በዚያው ነሐሴ 4 ቀን ፓሪስ ላይ አሜሪካ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ነሐሴ 29 ቀን፣ አዲስ ዓመት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ንግድ ባንክ ለ3ኛ ጊዜ ለፍጻሜ ቀረበ። ባላጋራው የኬንያው ፖሊስ ቡሌትስ ነበር። 1 ለ 0። ዋንጫው እዚሁ ቀረ። አሠልጣኙ ብርሃኑ ግዛው ናቸው።

ከኢትዮጵያ የሴቶች ቡድን ወደ አፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው። ውድድሩ በኅዳር 2017 ሞሮኮ ላይ ተደረገ። እዚያ ግን ነገሩ ከበደ። የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ የናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስና የግብፁ ማሳር በአንድ ምድብ ገጠሙት። ንግድ ባንክ ከምድቡ ማለፍ አልቻለም። የኮንጎው ማዜምቤ የሞሮኮውን የጦር ሠራዊት ቡድን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። 

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እነዚህ ተጫዋቾች ከየት ይመጣሉ? ሁሉም የአዲስ አበባ ልጆች ይመስሏችሁ ይሆናል። አይደሉም። ሎዛ አበራን እንውሰድ። በኢትዮጵያ ሴቶች እግር ኳስ ጎል በማግባት ስሟ የገነነ ናት። የተወለደችው በከምባታ፣ ዱራሜ ነው። ዱራሜ ከደብረ ታቦር የምትበልጥ ከተማ አይደለችም። ከዚያ ተነሥታ ሀዋሳ፣ ደደቢት፣ አዳማና ንግድ ባንክ ተጫወተች። በመካከሉ ማልታ ወደምትባል የአውሮፓ ደሴት ሄዳ ቢርኪርካራ ለሚባል ቡድን ተጫወተች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን ለሚገኝ ዲሲ ፓወር ለሚባል ቡድን ፈረመች። ኳስ ሥራዋ ነው፤ ደመወዝ ይከፈላታል።

መጫወት ብቻም አይደለም። ሊድያ ታፈሰ በፋርማሲ ሙያ የሠለጠነች ናት፤ በፉጨቷም ዓለም አወቃት። በ2011 ዓ.ም. ፈረንሳይ ላይ ለተደረገው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች።

ታዲያ ከእኛ ደጋ ለምን ብዙ አይወጣም? ጉልበት አጥተን አይደለም። እስቲ የሁለት ልጆችን ውሎ እንይ። ወንዱ ልጅ እረኛ ነው። ከብቱን ይነዳል፣ ከብቱ ይግጣል፣ እሱ ሜዳ ላይ ነው። ጓደኞቹም እዚያው ናቸው። ከአሮጌ ጨርቅና ካልሲ ኳስ ይሠራሉ። ገና ሲደርስ በጥንግ ይጋጠማሉ። ሥራውና ጨዋታው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ማንንም ሳያስፈቅድ ይለምደዋል። እህቱስ? ሥራዋ ጓዳ ነው። ውኃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ሕፃን ታዝላለች። ሥራዋ በሜዳ አጠገብ አያሳልፋትም። ቢያሳልፋትም ሸክም ይዛለች። ስለዚህ ሴት ልጅ 90 ደቂቃ የምታገኘው ሰው ሲሰጣት ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከእግሯ አይደለም።

ለዚህ ነው ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ ኳስ ዋና ቦታ የሆነው። የተደለደለ ሜዳ ያለው እዚያ ነው። መምህር አለ፣ እኩዮቿ አሉ፣ የታወቀ ሰዓት አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንዱ የግጦሽ ሜዳው ይቀርለታል፤ ሴቷ ሁሉንም ታጣለች። በ2016 በክልላችን ሰላም ደፍርሶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቶ እንደነበር ለእናንተ አይነገርም። ሉሲዎች ከናይጄሪያ ጋር እኩል በወጡበት ዓመት፣ ብዙ የደጋ ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። ትምህርት ቤት ያልሄደች ልጅ ደግሞ «ሥራ ፈታች» ተብላ ቶሎ ትዳራለች። ያገባች ልጅ ወደ ሜዳ አትመለስም።

አንዳንድ አባት እንዲህ ይላል፦ «ሴት ልጅ በሰው ፊት ስትራገጥ ነውር ነው።» በዚህ አሳብ የኖረ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኳስን ለዓለም ያስተማረች እንግሊዝ ራሷ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ጨዋታው ለሴት አይስማማም ብላ፣ ሴቶች በታወቁት ቡድኖች ሜዳ እንዳይጫወቱ ከልክላ ነበር። ልብ በሉ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሊቨርፑል ከተማ 53 ሺህ ሰው የሴቶችን ጨዋታ ለማየት ተሰልፎ ገብቷል። ሰው ስላጣ አልተከለከለም ማለት ነው። ክልከላው 50 ዓመት ያህል ቆየ። ያች የከለከለች አገር ናት በ2015 ሴቶቿ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርሱ በደስታ የዘለለችው።

ሌላው ጥያቄ የልብስ ነው። ይህም መላ አለው። ራሷን መሸፈን የምትፈልግ ልጅ ሻሽ አስራ መጫወት በዓለም አቀፉ ሕግ ከተፈቀደ ከ10 ዓመት አልፏል። በ2015ቱ ዓለም ዋንጫ ኑሃይላ ቤንዚና የምትባል የሞሮኮ ተከላካይ ሂጃብ ለብሳ ተጫውታለች። ከቁምጣ በታች ረጅም ሱሪ የምትለብስም አለች። ለልምምድማ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ልብስ ይበቃል።

እናቶች ደግሞ የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ «ውኃውን ማን ይቅዳልኝ?» ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፣ በንግግር አይመለስም። በሒሳብ ግን ይመለሳል። አንዲት ልጅ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት ብትለማመድ በሳምንት 3 ሰዓት ነው። ምንጩ ደርሶ መልስ 1 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ 3 ጉዞ ማለት ነው። በቤት ውስጥ ወንድም ካለ 3ቱን ጉዞ እሱ ይሂድ። ወንድ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ቢታይ ከብት አይሞትም። ወንድም ከሌለ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ልጆቻቸውን በፈረቃ ይላኩ፤ አንዷ ስትለማመድ ሌላዋ ለሁለቱም ትቅዳ፣ በማግስቱ ይለዋወጡ።

ልምምዱ በብርሃን ይሁን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቀቁ። አብረው ይሂዱ፣ አብረው ይመለሱ። አንድ የሚታመን ትልቅ ሰው፣ ቢቻል ሴት መምህርት፣ አብራቸው ትሁን። ከመጫወታቸው በፊት ሜዳው ላይ ድንጋይና ስባሪ ጠርሙስ ይለቀም። ጎል ለማድረግ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ይበቃል፤ በግንዶቹ መካከል ያለው ስፋት ለዋናው ሜዳ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ለትንንሽ ልጆች ግማሹ ይሆናል። ኳስ ከሌለ የጨርቁ ኳስ ለመጀመሪያው ወር ያገለግላል። ውጤቱን የሚመዘግብ ሰው ምረጡ፤ ከመካከላችሁ አዲስ ማንበብና መጻፍ የለመደ ቢሆን ይመረጣል። በደብተር ላይ አራት መስመር ያስምር፤ የቡድኑ ስም፣ ያሸነፈው፣ እኩል የወጣው፣ የተሸነፈው። ነጥቡን ቅድም እንዳሳየናችሁ አድርጎ ይደምር።